ከክሩስኮቱ ሥር የተደበቀችው ማብሪያ

ከገዳሪፍ እስከ ገላባት፣ ድንበሩን ተሻግሮም እስከ መተማ ዮሐንስ፣ ሰሊጥና ማሽላ የሚያመላልስ ነጋዴ ያለ ፒካፕ ሥራው አይሄድም። በሱዳን ጦርነት ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስንቱ መኪናውን ተዘርፎ እንደቀረ ለሰማ ሰው፣ ከክሩስኮት ሥር የምትደበቀው ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ክብር ይገባታል።

በአሮጌ ናፍጣ ሃይሉክስ ላይ ቁልፍ ሲዞር ኤሌክትሪክ ፖምፓው ጋ ደርሶ የነዳጁን መንገድ ይከፍታል። ኤሌክትሪኩን የምታደርሰው ሽቦ በተደበቀችው ማብሪያ ከተቋረጠች ግን ሌባው ባትሪ እስኪጨርስ ቢታገል ሞተሩ አይነሳም። መሪ ላይ የሚቆለፈው ብረት ይታያል፣ በመጋዝም ይቆረጣል። ማብሪያዋን ግን የሚያውቋት ባለቤቱና የገጠማት ኤሌክትሪሺያን ብቻ ናቸው። ጠመንጃ ይዞ የመጣን አትመልስም፤ ሌሊት ተደብቆ ለሚመጣ ግን ከእሷ የተሻለ አላውቅም፤ ዋጋዋም ከአንድ ጎማ ያንሳል።