«ለጀማሪ ምንም ይበቃል» የሚለው ምክር ሲፈተሽ

ልጁን ፒያኖ ማስተማር የፈለገ ወላጅ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር የታወቀ ነው፦ «ለጀማሪ ምንም ይበቃል፤ ከገፋበት ጥሩውን ትገዛለታለህ።» ምክሩ ገንዘብ ይቆጥባል፤ ይህ አይካድም። ግን አንድ ነገር ይዘላል። ልጁ ይግፋበት ወይስ ይተወው የሚለው የሚወሰነው በዚያው «ምንም» በተባለው መሣሪያ ላይ ነው።

እስቲ ከስሙ እንነሳ። ጣሊያናዊው ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ በ1700 (እ.ኤ.አ.) ገደማ የሠራው መሣሪያ ልዩ የሆነው እንደ ጣት አነካክ ለስላሳም ጠንካራም ድምፅ ስለሚያወጣ ነው። «ፒያኖ» የሚለው ስምም «ለስላሳና ጠንካራ» ከሚል የጣሊያንኛ አጠራር ያጠረ ነው። ቁልፉ ሲጫን መዶሻ ክሩን ይመታል፤ የድምፁን ጉልበት የሚወስነው የመዶሻው ፍጥነት ነው። ተማሪው በጣቱ ይሞክራል፣ በጆሮው ይሰማል፣ መልሶ ያርማል። ትምህርቱ በአብዛኛው ይኸው ምልልስ ነው።

የአነካክ ልዩነት የማይለይ ርካሽ ኪቦርድ ይህን ምልልስ ይቆርጠዋል። ቢዳብሱትም ቢደበድቡትም ድምፁ ያው ነው። ልጁ ወር ሙሉ ቤቱ ተለማምዶ አስተማሪው ፒያኖ ላይ ሲቀመጥ ቁልፉ ይከብደዋል፣ ድምፁ ይዘበራረቅበታል። «አልተለማመድክም» ይባላል። ተለማምዷል እኮ!

«እንግዲያው አሮጌም ቢሆን እውነተኛ ፒያኖ ይሻላል» የሚሉም አሉ። እሱም አያስኬድም። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በክረምትና በበጋ መካከል ቅኝቱ ይዛባል። ለዓመታት ያልተቃኘ፣ ቁልፉ ተጭኖ የሚቀር ፒያኖ ጆሮን ያሳስታል። ከሱ ይልቅ 88 ክብደት ያላቸው ቁልፎች ያሉት ደህና ዲጂታል ፒያኖ ይመረጣል።

ታዲያ የበለጠ ውድ ሁልጊዜ የበለጠ ይጠቅማል? አይደለም። ሴባስቲያን ኤራር በ1821 (እ.ኤ.አ.) ያስመዘገበው ስልት አንድን ቁልፍ ሙሉ በሙሉ ሳይነሳ ደግሞ መምታት ያስችላል፤ ዛሬ በግራንድ ፒያኖዎች ላይ ያለው ከሱ የመጣ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ግን ያን ያህል ፍጥነት ላይ አይደርስም። ስለዚህ ጥራት ከተወሰነ ደረጃ በታች ሲሆን ይጎዳል፤ ከዚያ በላይ ለጀማሪ የሚጨምረው ትንሽ ነው።

አንድ ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ጥሩ መሣሪያ ያላቸው ልጆች ቶሎ ሲያድጉ ብናይ ምክንያቱ መሣሪያው ብቻ ነው ማለት አንችልም። ጥሩ ፒያኖ የሚገዛ ቤት ብዙ ጊዜ ጥሩ አስተማሪም ይቀጥራል፣ ጸጥ ያለ ክፍልም አለው።

ሲገዙ ታዲያ ሦስት ነገር ይሞክሩ፦ አንዱን ቁልፍ ቀስ ብለው፣ ከዚያ ጠንከር አድርገው ይምቱና ድምፁ መለየቱን ይስሙ፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ተጭኖ መመለሱን ይዩ፤ ፔዳሉ መሥራቱን ያረጋግጡ። «ልጁ ተሰጥኦ የለውም» የሚለው ፍርድ ከዚህ በኋላ ይምጣ።