ቅርጫ በገና

ጾመ ነቢያት ተፈጽሞ በዓለ ልደት በታኅሣሥ 29 ቀን ሲደርስ፣ ብቻውን በሬ ለመጣል ዐቅም የሚያንሰው አባወራ ከጎረቤቶቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ በግቢው የሚያከናውነውን የቅርጫን ሥርዓት ያህል፣ ድኻውን ሳያሳፍር ባለጸጋውንም ሳያስታብይ ሁሉን አስተካክሎ የሚያስፈስክ ልማድ አላውቅም። ደላዳዩ ከአንዱ የሥጋ መደብ ቆንጥሮ ለሌላው ሲጨምር፣ ሻኛውና ጉበቱ ሳይቀር ለየመደቡ ሲዳረስ፣ በመጨረሻም የየሰዉን ምልክት የማያውቅ ሰው ተጠርቶ የተሰበሰበውን እንጨትና ጠጠር በየመደቡ ላይ ሲያኖር፣ በግቢው ጸጥታ ይሰፍናል፤ ዕጣ የሰጠውንም ማንም አይነቅፍም። ከቀትር በኋላ የሚሆነው የገና ጨዋታም ወጪ የለበትም፤ ከዱር የተቆረጠ ቆልማማ ዱላና ከእንጨት የተጠረበች ኳስ (ሩር) ከተገኙ ይበቃል፤ በቀድሞው ልማድ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይጋፉ ነበር።