ስንት ፓውንድ ይወጠር?

ክሩ የተበጠሰ የባድሜንተን ራኬት ወደ ወጣሪው ጠረጴዛ ሲመጣ ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ ቁጥሩን አስቀድሞ ወስኗል፤ «30 አድርግልኝ» ይላል። ቁጥሩ ግን ለራሱ ክንድ የሚስማማው ሳይሆን በቴሌቪዥን ያየው ሻምፒዮን የሚጠቀምበት ነው። ሥራውን የሚያውቅ ወጣሪ መልስ ከመስጠቱ በፊት የተበጠሰውን ክር አገላብጦ ያያል።

የተበጠሰ ክር ብዙ ይናገራል። ክሮቹ እርስ በርስ ተፋትገው፣ ሥርጉድ አውጥተው፣ መሐል ላይ ከተበጠሱ ተጫዋቹ ሻትሏን (የባድሜንተን ኳሷን) በትክክለኛው ቦታ ሲመታ ቆይቷል፤ ክሩ ዕድሜውን ጨርሷል። ገና አዲስ ሳለ ከጠርዙ አጠገብ፣ በተለይ ከላይ በኩል፣ ከተበጠሰ ግን ምቱ መሐሉን እየሳተ ነው። እንዲህ ላለው ተጫዋች ክሩን ይበልጥ ማጥበቅ ስሕተቱን ማባባስ ነው። ክሩ በጠበቀ ቁጥር ጥሩ ምት የሚወጣበት የራኬቱ መሐል ይጠብባልና።

20 ፓውንድ ወደ 9 ኪሎ ግራም፣ 30 ፓውንድ ደግሞ 13.6 ኪሎ ግራም ገደማ የሚሆን ጉተታ ነው። ላላ ያለ ክር ሻትሏ ስታርፍበት ጎድጎድ ብሎ መልሶ ይወረውራታል፤ ክንዱ ገና ያልፈጠነ ሰው ጉልበት የሚያገኘው ከዚህ ነው። የጠበቀው ክር አቅጣጫን በትክክል ለማስያዝ ይረዳል፣ ጉልበቱን ግን ከመቺው ይጠብቃል። ብዙዎችን የሚያሳስተው ድምፁ ነው። የጠበቀ ክር ሲመታ «ጧ!» የሚል ሹል ድምፅ ስለሚያወጣ ጆሮ ኃይል ነው ብሎ ይቀበለዋል። ሻትሏ ግን ከተጋጣሚው የኋላ መስመር ሳትደርስ መሐል ሜዳ ላይ ትወድቃለች። ተጫዋቹም የጎደለውን በትከሻው ሊሞላ ይታገላል፤ ቆይቶ ክርኑን ያመዋል።

ሕንዳዊው ተጫዋች ሳትዊክሳይራጅ ራንኪሬዲ እ.ኤ.አ. በ2023 ጃፓን ውስጥ በሰዓት 565 ኪሎ ሜትር የሚፈጥን ስማሽ (ከላይ ወደ ታች የሚመታ ኃይለኛ ምት) መትቶ በጊነስ ተመዝግቧል። ያ ፍጥነት የመጣው ከወገብ፣ ከትከሻና ከእጅ አንጓ ነው። የእሱን ራኬት ለቅዳሜና እሑድ ተጫዋች ቢያውሱት ፍጥነቱ አብሮ አይመጣም።

ውጠራው ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ፍሬሙ ማሽኑ ላይ ይታሰራል፤ ለአንድ ራኬት 10 ሜትር ገደማ ክር ይበቃል። ቁም ክሮቹ፣ ብዙውን ጊዜ 22 ናቸው፣ ከመሐል ተጀምሮ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በማፈራረቅ ይወጠራሉ፤ በአንድ ወገን ብቻ መገስገስ ፍሬሙን ያጣምማል። ከዚያ አግድሞቹ አንዱን ከላይ፣ ቀጣዩን ከታች እያለፉ ይገባሉ። ቁሞቹ ድር፣ አግድሞቹ ማግ ናቸው ቢባል ሸማኔ ወዲያው ይገባዋል። ብዙ ወጣሪዎች የፍሬሙን ቅርጽ ለመጠበቅ አግድሞቹን ከቁሞቹ ይልቅ በአንድ ወይም በሁለት ፓውንድ ያጠብቋቸዋል። የመጨረሻው ቋጠሮ ከታሰረ በኋላ ወጣሪው ራኬቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ የተዘለለ መስመር አለመኖሩን ያያል፤ በመዳፉም መታ መታ አድርጎ እንደ ክራር ቃኚ ያዳምጣል።

ያ ድምፅ ግን አይቆይም። ክሩ ናይለን ስለሆነ ከማሽኑ እንደወረደ መላላት ይጀምራል፤ አብዛኛው መላላት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይደርሳል። ስለዚህ «24 ይስማማኛል» የሚል ሰው የወደደው ከሳምንታት በኋላ የላላውን 24 ሊሆን ይችላል። ወጣሪው «ራኬቱ በጣም የተመቸህ መቼ ነበር? በተወጠረ ማግሥት ወይስ ከወር በኋላ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ይህ ጥያቄ ከማንኛውም ሠንጠረዥ ይበልጣል።

ውፍረቱም መዘንጋት የለበትም። የዮኔክስ ቢጂ 65 ውፍረቱ 0.70 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ይበረክታል፤ የዚያው ኩባንያ ኤክስቦልት 63 ደግሞ 0.63 ነው። ቀጭኑ ሻትሏን ፈጠን አድርጎ ይመልሳል፣ ቶሎም ይበጠሳል።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ሌላ ነገር ይጨመራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ሻትሏን በደንብ ስለማይገታት ርቃ ትሄዳለች። ሻትሏ ከሜዳ እየወጣች ያስቸገረችው ተጫዋች ጥፋቱን በክሩ ላይ ከመጣሉ በፊት ሻትሏን ይፈትን። ሕጉ ቀላል ነው፤ ከኋላ መስመር ላይ ከሥር ወደ ላይ በሙሉ ጉልበት የተመታች ሻትል ከተቃራኒው የኋላ መስመር በፊት ከ53 እስከ 99 ሴንቲ ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ መውደቅ አለባት። መስመሩን ካለፈች መቀየር ያለበት ክሩ ሳይሆን ሻትሏ ናት፤ የፍጥነት ቁጥሯ ዝቅ ያለችውን መግዛት ነው።

ጀማሪ ከ20 እስከ 22 ፓውንድ ይበቃዋል። ዘወትር የሚጫወትና ሻትሏን ከኋላ መስመር እስከ ኋላ መስመር ያለ ድካም የሚያደርስ ከ23 እስከ 26 ሊሞክር ይችላል፤ ከ28 በላይ ያለው በየቀኑ ለሚሠለጥኑት ይቆይ። ፍሬሙ ላይ የታተመው ከፍተኛ ልክ ደግሞ ለማንም አይታለፍም። ራኬትዎን ሲያስወጥሩ ቁጥሩንና ቀኑን በትንሽ ወረቀት ጽፈው ይለጥፉበት፤ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ፓውንድ ብቻ ይጨምሩ ወይም ይቀንሱ።