ትምህርት ቤቱን ያፈረሰው ማን ነው?
ስለ «ዘ ሎወር ሪቨር» ከአሶሳ በኩል የቀረበ ትችት

ፖል ተሩ የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰላም ጓድ አስተማሪነት በማላዊ ያገለገለ ሰው ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ዘ ሎወር ሪቨር» የተባለው ልብ ወለድም መነሻው ይኸው ሥራ ነው። ኤሊስ ሆክ በወጣትነቱ በማላዊ ደቡብ፣ ማላቦ በምትባል መንደር አስተምሯል። ትዳሩ ከፈረሰ በኋላ፣ ከአርባ ዓመት ገደማ ቆይታ፣ ወደዚያችው መንደር ይመለሳል። ትምህርት ቤቱን ግን ፈርሶ ያገኘዋል፤ የመንደሩም አለቃ ገንዘቡን እየበላ እንደ እስረኛ ይይዘዋል።

የመጽሐፉ ብርቱ ጎን በጎ አድራጊውን አለማሞገሱ ነው። ሆክ የተመለሰው መንደሩ ስለ ፈለገው ሳይሆን እርሱ መንደሩን ስለ ፈለገ መሆኑን ደራሲው አይሸሽግም። ይህን በድፍረት የጻፉ ጥቂቶች ናቸው።

ነገር ግን ታሪኩ ከሆክ ጋር ብቻ ስለሚጓዝ፣ አንባቢ የሚያየው እርሱ ትቶት የሄደውንና ተመልሶ ያገኘውን ነው። በመካከሉ ያለፈውን ዘመን አያየውም። ስለዚህ ለፍርስራሹ ተጠያቂው መንደርተኛው ብቻ መስሎ ይታያል። ልብ ወለድ ዘገባ አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል፤ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ደራሲ ዐይኑን በማን ትከሻ ላይ እንዳቆመ መጠየቅ የትችት ተገቢ ሥራ ነው።

ነገሩን ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ እናምጣው። በ2013 ዓ.ም. በመተከልና በካማሺ በተነሣው ግጭት ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ተለይተዋል። የዚያን ዘመን የተዘጋ ትምህርት ቤት የሚያይ መንገደኛ የመካከሉን ታሪክ ካልጠየቀ ጥፋቱን በወላጆች ላይ ይጥላል፤ ፍርዱም ስሕተት ይሆናል።

ሁለተኛው ጉዳይ የቋንቋ ነው። የሰላም ጓድ መምህራን ወደ አገራችን የመጡት በ1962 እ.ኤ.አ. ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ አብዛኞቹም አስተማሪዎች ሆኑ። እንግዳ አስተማሪ ማለት እንግዲህ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ብቻ አይደለም። ለበርታው ልጅ ከአዲስ አበባ የሄደውም እንግዳ ነው። ልጁ ከእናቱ የሰማው ቋንቋ እንግሊዝኛም አማርኛም አይደለምና።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ በር ከፍቷል። በርታ፣ ጉሙዝና ሺናሻም የማስተማሪያ ቋንቋዎች ሆነዋል። በእነዚህ ቋንቋዎች ፊደል የሚያስቈጥር መምህር ግን ከሩቅ አገር በፈቃደኝነት አይመጣም፤ ከዚያው ከአገሩ መውጣት አለበት። እንግዳው በአሶሳ የመምህራን ኮሌጅ ገብቶ ይህን ሰው ቢያግዝ፣ ራሱ በሕፃናቱ ፊት ከመቆም ይልቅ የላቀ ጥቅም ይሰጣል።

ተሩ ሆክን የሴና ቋንቋ የሚያውቅ አድርጎ መሳሉ ይህን ጉዳይ እንደ ተረዳው ያሳያል። ቢሆንም ቋንቋው ለሆክ የናፍቆቱ ማስታገሻ እንጂ የትምህርት ቤቱ መሠረት አልሆነም።

ስለዚህ መጽሐፉን ወደ ገጠር ለማስተማር የሚነሣ ወጣት ሁሉ ቢያነበው መልካም ነው። ሲያነብ ግን ደራሲው ያላነሣውን ጥያቄ ይያዝ፦ እኔ ከሄድኩ በኋላ ጠመኔውን የሚይዘው ማን ነው?