ድሬዳዋ በ«አውሮፓ» ስም

በድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ዕቃ የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «የየት አገር ሥሪት ነው?» ይላል። እኔም ሰሞኑን ይህንኑ ጥያቄ ይዤ፣ የቆዩ የቪዲዮ ጌሞች እንዳይጠፉ የሚመዘግበውን «ሬደምፕ» የተባለ የዲስክ መዝገብ ተመለከትሁ። የአዘጋጆቹ ትጋት ያስመሰግናል፤ የየዲስኩን መለያ ቁጥር፣ ቋንቋና ክልል ለቅመው ያሰፍራሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውን የኮናሚ እግር ኳስ ብንወስድ፣ በጃፓን «ዊኒንግ ኢለቨን»፣ በአውሮፓ «ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር» ተብሎ ተሸጧል፤ ሁለቱ በአንድ ስም አይጠቀለሉም።

ታዲያ እኛ የት ነን? ሶኒ ፕሌይስቴሽንን ለገበያ ሲያቀርብ አፍሪካን በአውሮፓ ቅርንጫፉ ሥር አድርጎ ነበር። ስለዚህ እንደኛ የፓል ቴሌቪዥን ላለው አገር የሚስማማው ዲስክ በመዝገቡ «አውሮፓ» ይባላል። ይህ ስም የነጋዴውን የገበያ ካርታ እንጂ የተጫዋቹን ሰፈር አይናገርም።

ሌላም ጉድለት አለ። መዝገቡ የሚቀበለው ከፋብሪካ የወጣውን ዲስክ ነው። እኔ በልጅነቴ በጨዋታ እየከፈልሁ በሰፈር ጌም ቤት የተጫወትሁት ግን ስሙ በእስክሪብቶ በተጻፈበት ኮፒ ነበር።

ኮፒው ሁሉ ይመዝገብ አልልም፤ የዋናውን ማንነት ለማረጋገጥ የፋብሪካው ዲስክ ያስፈልጋል። ነገር ግን «ክልል» የሚለው ቃል «የተሸጠበት ክልል» ቢባል፣ ከጎኑም «የተጫወቱበት አገር» የሚል አንድ ዓምድ ቢጨመር ምን ይጎዳል? አለዚያ የነገው ተመራማሪ መዝገቡን ገልጦ፣ የድሬዳዋ ልጆች ጌም ተጫውተው አያውቁም ቢል የሚከራከረው ማስረጃ አይኖርም።