አንቱና አንቺ

«እኛ ሰው ማክበር አናውቅም» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ማክበሩንስ እናውቅበታለን፤ የምናዛንፈው ጊዜውን ነው።

ወይዘሮ አበበች ጎበና ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ሕመም ሲያርፉ ያልተባለ ውዳሴ አልነበረም። «የአፍሪካዋ ማዘር ትሬዛ» የሚለው ስም ድሮም ነበራቸው፤ ያን ሰሞን ደግሞ በየሚዲያው ተደጋገመ። ለክብር የተሰጠ ስም ነው፤ ክፋት የለበትም። ግን ይህ የተውሶ ስም አንድ ትልቅ ነገር ይሸፍንብናል። ማዘር ትሬዛ ድሆች ሰፈር የገቡት ከገዳም ወጥተው፣ ፈቅደው ነው። ወይዘሮ አበበች ግን ቤት ማጣትን ያወቁት በራሳቸው ደርሶ ነው። ያውም ሁለት ጊዜ።

የመጀመሪያው በልጅነታቸው ነው። በ1928 ዓ.ም. ሰላሌ፣ ፍቼ አካባቢ ሸበል አቦ ተወለዱ (እዚህ ጎረቤታችን ያለው ሸበል በረንታ እንዳይመስላችሁ)። አባታቸው በጣልያን ጦርነት ሞቱ፤ አያቶቻቸው አሳደጓቸው። ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ሳይጠየቁ ተዳሩ። ልጅቱ ታዲያ ምን አደረገች? ጠፋች። አዲስ አበባ ገባች።

ሁለተኛው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ተምረው፣ በቡናና እህል ድርጅት የጥራት ተቆጣጣሪ ሆነው፣ ትዳር ይዘው ሳለ በ1972 ዓ.ም. ገደማ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ሄዱ። አገሩ ረሃብ ገብቶበታል። ሕፃን ልጅ የሞተች እናቷን ጡት ስትፈልግ አዩ። ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባላቸው አንዱን ምረጪ አሏቸው። ልጆቹን መረጡ፤ ከሞቀ ቤታቸው ወጥተው ከነልጆቹ አንዲት ደሳሳ ጎጆ ገቡ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናወራዋለን፤ ማሳደጊያውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ሽልማቱን። መሐሉን ግን እንዘለዋለን። ነገሩን ሁሉ «ደግ ልብ» ብለን እንዘጋዋለን። ደግነት ብቻ አይመስለኝም፤ ዕውቀት ነው። ድህነትን በወሬ የሚያውቅ ሰው ሳንቲም ጥሎ ያልፋል። ደጅ የወደቀ ሰው ግን ከእንጀራው ቀጥሎ የሚያስፈልገው የራሱ እንጀራ መሆኑን ያውቃል። ድርጅታቸው ማሳደጊያ ብቻ ሆኖ ያልቀረው፣ ሙያ ማሠልጠኛና ለድሃ እናቶች የገቢ ምንጭ የጨመረው እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም።

ይህን የምጽፈው ደጀን ሆኜ ነው። ደጀንና ፍቼ በአንድ መንገድ ላይ ናቸው፤ መሐላቸው የገባው ዓባይ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ከደብረ ማርቆስ የሚመጣው መኪና በረሃውን ከመውረዱ በፊት እዚህ ቆም ይላል። ከተሳፋሪው መሐል ፌስታሏን ታቅፋ፣ አፏን በነጠላ የሸፈነች ልጅ አትጠፋም። ወዴት ነሽ ብትሏት «አዲሳባ፣ አክስቴ ጋ» ትላለች። አክስት ይኑራት አይኑራት እግዜር ይወቅ። መናኸሪያ ቆሞ የሚጠብቃት ደላላ እንዳለ ግን እኔም እናንተም እናውቃለን። ከደላላው ሰው ቤት ትገባለች። ከሰው ቤት አንድ ቀን፣ ምናልባት አርግዛ፣ ትባረራለች። የጎዳናው መንገድ ይኸው ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ የለም ብሏል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ልጅ የሚያገባውን በእሥራት ይቀጣል። ታላቂቱ ስትዳር በዚያው ድንኳን፣ በዚያው ጠላ ታናሺቱንም ደርቦ የሚድር ሰው ግን ዛሬም አይጠፋም። ድግስ ይቆጥባል እኮ! አልፈልግም ብላ የጠፋችዋን ደግሞ ኮብላይ፣ ቤተሰቧን ያዋረደች እንላታለን። ሕጉን ጥሶ የዳራት አባት የተከበረ ሽማግሌ ነው፤ ሕጉ የቆመላት ልጅ ባለጌ ናት።

እንግዲህ ንገሩኝ፤ ይህች ባለ ፌስታል ልጅ ከሸበል አቦዋ ልጅ በምን ትለያለች? ያችኛዋን ዛሬ አንቱ እንላታለን፤ ይህችኛዋን «አንቺ፣ ዞር በይ!»። መሐላቸው ያለው የ80 ዓመት ገደማ ልዩነት ብቻ ነው። ሁሉም አበበች ይሆናሉ እያልሁ አይደለም። እንዲያውም ነገሩ ያ ነው፤ ልጅቱ በኋላ ትልቅ ሰው ባትሆንም ማደሪያ ይገባታል።

ለወይዘሮ አበበች ሐውልት ይቁም የሚል ቢመጣ አልቃወምም። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ስማቸው ተጽፎ ማየት የምወደው በየመናኸሪያው ደጃፍ፣ ባንዲት ጠባብ ክፍል በር ላይ ነው፤ መሽቶባት የወረደች ልጅ በነፃ የምታድርባት፣ ከደላላው ቀድሞ «ማን ልበል? ከየት መጣሽ? ምን ሆንሽ?» የሚላት ሰው የተቀመጠባት ክፍል።