የብሩስ የጉዞ መጽሐፍና የአንባቢዎች ፍርድ

ከሩቅ አገር ተመልሶ ያየውን የሚጽፍ ሰው በሁለት ዳኞች ፊት ይቆማል። አንደኛው ዳኛ በአገሩ ተቀምጦ የሚያነብለት ወገኑ ነው፤ ሁለተኛው ግን ታሪኩ የተጻፈበት አገር ሰው ነው። የመጀመሪያው ፈጥኖ ይፈርዳል፥ ነገር ግን ምስክር የለውም። ሁለተኛው ምስክር አለው፥ ነገር ግን መጽሐፉ ከእጁ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። የስኮትላንዱ ሰው ጀምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ለመፈለግ ያደረገውን ጉዞ የሚተርከው መጽሐፍ ከታተመ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ሲሆን፥ የመጀመሪያው ዳኛ ፍርድ ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ የሁለተኛው ግን እምብዛም አልተሰማም።

ብሩስ ጎንደር የገባው በየካቲት ወር 1762 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1770 ሲሆን፥ ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። በዚያ ዘመን ዙፋኑ የዳግማዊ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት፥ ኃይሉ ግን የራስ ሚካኤል ስሑል ነበረ። እቴጌ ምንትዋብ ከከተማው ወጣ ብለው ራሳቸው ባሠሩት በቍስቋም ግቢ ተቀምጠው ነበር። በግቢው ሕፃናት ላይ ፈንጣጣ ወድቆ ነበርና ብሩስ ሐኪም ነው ተብሎ ወደ ቍስቋም ተጠራ። በሩንና መስኮቱን አስከፍቶ፥ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጥኖ፥ በሞቀ ውኃና በሆምጣጤ አሳጥቦ ሕሙማኑን እንዳስታመመ ይተርካል። ከዚያ በኋላ በእቴጌይቱ ዘንድ ባለሟልነትን አገኘ። በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ወጥቶ በስናር በኩል ተመለሰ፤ መጽሐፉን በአምስት ጥራዝ ያሳተመው ግን በ1790 ነው።

መጽሐፉ ሳይታተም እንኳ ወሬው ለመሳለቂያ ሆኖ ነበር። በ1735 የአባ ጀሮኒሞ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው፥ በ1759ም ራሴላስ የተባለውን የሐበሻ ልዑል ታሪክ በልብ ወለድ የጻፈው ታላቁ ሊቅ ሳሙኤል ጆንሰን፥ ከብሩስ ጋር ከተነጋገረ በኋላ በቃሉ ላይ ጥርጣሬ አደረበት። ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም፤ ነገር ግን ኢትዮጵያን በሐሳቡ ሠርቶ ስለ ነበረ፥ ከሐሳቡ ጋር ያልተስማማውን ምስክር ለመቀበል ተቸገረ። ደግሞም ብሩስ በአንድ ማዕድ ላይ ስለ ሐበሻ የዜማ መሣሪያ ተጠይቆ አንድ ክራር አይቻለሁ ብሎ ቢመልስ፥ በቋንቋቸው የክራር ስምና የሐሰተኛ ስም ድምፁ አንድ ነውና፥ ከተቀመጡት አንዱ እርሱ ከዚያ አገር ከወጣ ወዲህ አንድ ጐድሏል ብሎ አንሾካሾከ ይባላል። በ1792 ደግሞ ሙንሃውዘን ስለሚባለው የውሸት ጌታ ከተጻፉት መጻሕፍት አንዱ ለብሩስ መታሰቢያ ተብሎ በፌዝ ታተመ።

እነዚህ አንባቢዎች አብልጠው የሳቁበት፥ ብሩስ በአክሱም አጠገብ በመንገድ ላይ ወታደሮች ከሕያው ላም ሥጋ ቈርጠው ሲበሉ አየሁ ያለው ነገር ነው። በኋላ በ1805 እና በ1809 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ሄንሪ ሶልት ብሩስን በብዙ ስፍራ ቢነቅፈውም፥ ብዙው ትረካው እውነት መሆኑን መስክሮለታል። የአገሩ ሰው ግን በዚህ ነገር ላይ ከሁለቱም ወገን የተለየ ፍርድ አለው። ጥሬ ሥጋ መብላት የታወቀ ልማድ ነውና ለሳቅም ለክርክርም የሚያበቃ አይደለም። በዘመቻ የተራቡ ሦስት ወታደሮች ያደረጉትም ነገር ቢሆን ሆነ ይባል ይሆናል። ነገር ግን ብሩስ ይህንኑ ወደ ጎንደር ግብዣ አምጥቶ የመኳንንቱ ሁሉ ልማድ ሲያደርገው እምነት ያጣል፤ ሐዋርያት በሥርዓታቸው ከደም ራቁ ብለው ያዘዙትን ቃል የሚጠብቅ፥ በጾምና በፍስክ ዓመቱን የሚቈጥር ሕዝብ እንዲህ ያለውን ማዕድ የዘወትር ልማድ አያደርገውምና። የአውሮፓ አንባቢ የጠየቀው ብሩስ አየ ወይስ አላየም ብሎ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው ግን አንድ ቀን ያየውን የሁልጊዜ አድርጎ ለመጻፍ ምን ሥልጣን ነበረው የሚለው ነው።

በሌላ በኩል ብሩስ ሊታበል የማይችል ምስክር በእጁ ይዞ ነበር። በአውሮፓ ከጥቂት ቁራጭ በቀር ጠፋ ይባል የነበረውን መጽሐፈ ሄኖክን በግዕዝ ተጽፎ ሦስት ቅጂ አመጣ፤ አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ሰጠ፥ አንዱም ኦክስፎርድ ገባ። ከኦክስፎርዱ ቅጂ ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ ተርጕሞ በ1821 አሳተመው። ሳቂዎቹ በሥጋው ነገር ሲከራከሩ፥ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ተቈጥሮ ሲነበብ የኖረ መጽሐፍ በአገራቸው ተቀምጦ ነበር። ስለዚህ ብሩስ አገኘው ማለት አይገባም፤ ሊቃውንቱ ጠብቀው ያቈዩትን አደረሰ ማለት ግን ይገባል።

ብሩስ በእውነት የሚነቀፍበት ስፍራ ስለ ራሱ የሚናገርበት ነው። በ1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ፥ ከአውሮፓ ሰዎች ምንጩን ያየሁ የመጀመሪያው እኔ ነኝ ብሎ ጻፈ። ነገር ግን ጴጥሮስ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ቄስ በ1618 በዚያው ስፍራ ደርሶ ነበር፤ ብሩስም ይህን ለማስተባበል ብዙ ገጽ አባከነ። ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ሰው ሥዕሉን እየሣለ እስከ ግሽ አብሮት ሄዶ በ1771 ጎንደር ላይ ሳለ ሞተ፤ ብሩስ ግን ከግሽ ጉዞ በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ፤ ክብሩን ብቻውን ሊወስድ ፈልጎ ነበርና። የግሽ አገር ሰው ሁሉ ያንን ምንጭ ከፓኤዝም ከብሩስም አስቀድሞ ያውቀው እንደ ነበረ መናገር አያስፈልግም። የሚያስደንቀው፥ እውነቱን ሐሰት ብለው የሳቁት አንባቢዎች በዚህ በሐሰቱ ላይ በጊዜው እንደዚያ አለመሳቃቸው ነው።

ይሁን እንጂ ከአምስቱ ጥራዝ ሁሉ የበለጠው ስፍራ፥ ሳቂውም አመስጋኙም ፈጥኖ ያለፈው ነው፤ ይኸውም በቍስቋም የእቴጌ ምንትዋብ ንግግር ነው። ብሩስ ወደ ዓባይ ምንጭ ልሂድ ብሎ ቢለምን እቴጌይቱ የሰውን ልብ ተቃራኒነት እያደነቁ እንደ መለሱለት ይተርካል። ይህ ሰው ኢየሩሳሌምን አልፎ፥ በክፉ ገዥዎችና በበሽታ አገር ተሻግሮ የመጣው አንዲት ረግረግ ለማየት ነው፤ እርሳቸው ግን የነገሥታት እናት ሲሆኑ፥ ሁሉን ትተው ኢየሩሳሌም ለመድረስ፥ በዚያም ለምነው እየበሉ በጎልጎታ ደጅ ለመቀበር ይመኛሉ።

ይህ ንግግር ቃል በቃል የእቴጌይቱ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ብሩስ መጽሐፉን ያሰናዳው ከአገሩ ከገባ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ሆነ፥ የዐረፍተ ነገሩ አካሄድ የእርሱ መሆኑ አያጠራጥርም። ምኞቱ ግን የእርሱ ሊሆን አይችልም። የግቢያቸውን ስም እመቤታችን ከልጅዋ ጋር በስደት ባረፈችበት በደብረ ቍስቋም የሰየሙ ሴት፥ በእርጅናቸው ኢየሩሳሌምን መመኘታቸውን ለማመን የጎንደር ሰው ሌላ ምስክር አይሻም። ልጃቸውን ዐፄ ኢያሱን ቀብረው፥ የልጅ ልጃቸው ዐፄ ኢዮአስ በ1769 ሲገደሉ አይተዋልና፥ የመንግሥት ነገር ምን ያህል እንደሚቀል ከእርሳቸው የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ምኞታቸው ሳይፈጸም በ1773 ዐረፉ። ብሩስም በራሱ ጉዞ ላይ የተሰጠውን ከባድ ፍርድ በራሱ እጅ ጽፎ ማስቀረቱ፥ ከጉድለቱ ሁሉ ጋር ጸሐፊ መሆኑን ያስረዳል።

ዛሬ በከተማ ያሉ የተማሩ ሰዎች እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በሁለት መንገድ ሲያነቡት ይታያል። አንዳንዶቹ ፈረንጅ የጻፈው ነው ብለው እንደ ታሪክ ሁሉ አለቃ ይቀበሉታል፤ ሌሎቹ ደግሞ በዚሁ ምክንያት ሳይገልጡት ይጥሉታል። ሁለቱም የጆንሰንን ስሕተት ይደግማሉ፤ መጽሐፉን በሐሳባቸው እንጂ በምስክር አልመዘኑትምና። ምስክሩ ግን ሩቅ አይደለም። የቍስቋም ግቢ ቢፈርስም ግድግዳው ቆሟል፤ ሥርዓቱን የሚያውቁ ካህናት፥ የአባቶችን ቃል የሚናገሩ ሽማግሌዎች አሉ። ብሩስ ስለ ሰው የጻፈውን ከእነርሱ ጋር አስተያይቶ፥ ስለ ራሱ የጻፈውን ግን በጥንቃቄ መርምሮ የሚያነብ ሰው ከመጽሐፉ ብዙ ይጠቀማል፤ ከሁሉ አስቀድሞም የእቴጌይቱን ንግግር ሳይቸኩል ያንብብ።